በበሬ ልክ የተወጋው ውሻዬ

ውሻዬን ያመጣሁት ከጀውሃ ነው። ለሱቄ ዕቃ ልገዛ ሄጄ ምሳ ከበላሁበት ቤት ደጃፍ፣ ከቆመ ከባድ መኪና ጎማ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘሁት። ሾፌሩ ሞተር ሊያስነሣ ሲል ብድግ አድርጌ አቀፍኩት፤ ካቀፉት በኋላ ደግሞ ማን ያስቀምጠዋል። ሸዋ ሮቢት ይዤው ገባሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ግቢውን እሱ ተረከበ።

ሲያድግ ጆሮው ጉድ የሚያሰኝ ሆነ። በከተማው የሚርመሰመሰው ባጃጅ ሁሉ ለእኔ ድምፁ አንድ ነው። እሱ ግን ማታ ከሱቅ የሚመልሰኝን ባጃጅ ከሌላው ለይቶ፣ ገና ከአስፋልቱ ሳንታጠፍ በሩ ላይ ይቆማል። ጎረቤቶቼ እሱን አይተው «መጣች» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የሽቦ አጥር ሲዘል ታፋው ተተረተረ። በእኛ ሙቀት ቁስል ይደር አይባልም፣ ዝንብ ይቀድማል። ባለባጃጁን ለምኜ፣ ውሻዬን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሁሉም ዶክተር ይለዋል። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ይዞ እያወራ አንድ በሬ ወግቶ ጨረሰ፣ እያወራ መርፌውን ለወጠ፣ እያወራ ያንኑ ያህል መድኃኒት ሞላ።

«ዶክተር፣ ለሱ አልበዛም?» አልኩት።

ስልኩን ሳያወርድ አየኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ሱቅ ነው ያለዎት ወይስ ክሊኒክ?»

«ሱቅ።»

«እንግዲያው ስኳሩን እርስዎ ይመዝኑ፣ መድኃኒቱን ለእኛ ይተዉት።»

ከብት ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ጨዋ ሆኖ ያደገ ሰው ሲሰድቡትም ፈገግ ይላል። እኔ ስኳር የምመዝነው በሚዛን ነው፤ እሱ ውሻዬን የመዘነው በዓይኑ ነበር፣ ዓይኑም ስልኩ ላይ ነበር። ይመላለሱ ብሎኝ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ በዚያው ልክ ወጋልኝ።

እውነቱን ለመናገር ቁስሉ አምሮ ዳነ። ከዚያ አንድ ማታ ከሱቅ ስመለስ በሩ ላይ የለም። ገባሁ፤ ማንጎው ሥር ተኝቷል። ጠራሁት፣ አልተነሣም። ደግሜ ጠራሁት። ሞቷል ብዬ ጎንበስ ብዬ ስነካው ጥርሱን አግጦ ዘለለ፤ እኔ መሆኔን ሲያውቅ ራሱን ቀሚሴ ውስጥ ቀብሮ ተንቀጠቀጠ። አብሬው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ደብረ ብርሃን ወስጄ ለሌላ ሐኪም አሳየሁት። ሰውየው ከበስተኋላው አጨበጨበ፣ ቁልፍ አንቃጨለ፣ ከዚያ ምን ያህል እንደተወጋ ጠየቀኝ። ባዶ መርፌ ላይ በጣቴ አሳየሁት።

«የተወጋው ውሻ ነው?»

«ውሻ ነው።»

መድኃኒቱ ሲበዛ ጆሮን እንደሚገድል፣ የሞተ ጆሮም እንደማይመለስ በደንብ አስረዳኝ። «ይህንኑ ይጻፉልኝ» ስለው ግን እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «የሙያ ጓደኛዬን እንዴት ብዬ? ስህተት በማንም ይደርሳል» አለ። በማንም እንደሚደርስማ አውቃለሁ። የደረሰው ግን በእኔ ውሻ ነው።

ወደ ሮቢት ተመልሼ ክሊኒኩን ለሚያስተዳድረው ኃላፊ አቤት አልኩ። ኃላፊው ማራገቢያውን ወደ ራሱ አዙሮ አዳመጠኝ።

«ምርት ቀንሷል?» አለኝ።

«የምን ምርት?»

«ላም ከሆነች ወተት፣ ዶሮ ከሆነች እንቁላል። ካሳ የሚታሰበው በቀረ ምርት ነው።»

«የውሻ ምርቱ ጩኸት ነው» አልኩ።

«ታዲያ አሁን አይጮህም?»

«ይጮሃል። መቼ መጮህ እንዳለበት ነው የማያውቀው።»

ኃላፊው በጥሞና አሰበበት። «እንግዲያው ምርቱ አልቀነሰም» አለ።

አልሄድ ብዬ እዚያው ስለተቀመጥኩና የምሳ ሰዓት ስለደረሰ «አጣሪ ይመጣል» ብሎ አሰናበተኝ። አጣሪ ሆኖ የመጣው ራሱ ነው፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር አስከትሎ፣ ተከሳሹን ሐኪም ደግሞ «የሙያ አስተያየት እንዲሰጥ» ይዞት መጣ። ውሻዬ ማንጎው ሥር ተኝቶ ነበር። ኃላፊው ከኩሽናዬ ትሪ አስመጥቶ በጭልፋ ደበደበ። ሐኪሙ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ። ሊቀመንበሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ዘፈን ለቀቀ። ጎረቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ውሻዬ አልተነቃነቀም።

«ንቆን ነው» አለ ሐኪሙ።

«በዚህ ሙቀት እኔም ብሆን አልነሣም» አለ ኃላፊው።

ሊቀመንበሩ ተሰላችቶ እግሩ ላይ የወጣውን ጉንዳን ለማራገፍ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገ። ውሻው ሆዱ ሥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ።

«ይኸው፣ ሰማ» አለ ሐኪሙ።

ጆሮው «በከፊል እንደሚሠራ» እዚያው ቆመው ተስማሙ። በሆድ የሚሰማ ጆሮ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሊቀመንበሩ ሲወጣ ወደ ጎን ወሰደኝና፣ ፍርድ ቤት ብሄድ መሳቂያ እንደምሆን፣ ከሁሉም የሚሻለው ሽምግልና እንደሆነ መከረኝ።

ሽማግሌ የሆኑን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከአሊዩ አምባ መጥተው እኛ ዘንድ ማሾ የሚነግዱ ሐጂ፣ ሁለተኛው ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ጋሼ ናቸው። የምፈልገውን ጠየቁኝ። ሐኪሙ በሰው ፊት «አጥፍቻለሁ» እንዲል፣ ሁለተኛም ጆሮው የሚሰማ ቡችላ ፈልጎ እንዲሰጠኝ፣ ለውሻዬ ጆሮ እንዲሆነው ጠየቅኩ።

«ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «ለውሻ ተብሎ የሰው ልጅ አይዋረድም። እሱ ፍየል ያምጣ፣ አንቺም ይቅር በይው፣ አላህም ይወድልሻል።»

«ሙክት ይሁን» አሉ ጋሼ።

ሐኪሙ ሙክቱን እየጎተተ እኔ ግቢ መጣ። ቢላዋው ተሳለ። «ማን ይባርከው?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ይሄኔ ነው። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ካረዱት ጋሼ አይበሉም፤ ጋሼ በስመ አብ ብለው ካረዱት ሐጂ አይበሉም። በአገራችን ይህ ማንንም አያስቀይምም፤ ሠርግ የደገሰ ሁሉ ለሁለቱም ለየብቻ ያርዳል። የመጣው ፍየል ግን አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ እኩል እኔን አዩኝ።

«የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ» አሉ ጋሼ በጣም ለስለስ ብለው፣ «ሁለተኛውን ከቤት ብታደርጊው ነገሩ ያምራል።»

ምን እላለሁ። ሄጄ ፍየል ገዛሁ። ተበዳይ ሆኖ ለካሳው ግማሽ የሚያዋጣ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ሁለቱም ታረዱ፣ በሁለት ድስት ተቀቀሉ፣ ኃላፊውም ሊቀመንበሩም ሳይጠሩ ደረሱ። ሁሉም ከጠገበ በኋላ ሐኪሙ እጁን እየጠረገ ተነሣ።

«ስህተት ተፈጥሮ ከሆነ» አለ፣ «ከሆነ ነው የምለው፣ ይቅርታ።»

«አሚን» አሉ ሐጂ። «አሜን» አሉ ጋሼ። ስለ ቡችላው ያነሣ አልነበረም። ውሻዬ ከሁለቱም ፍየል አጥንት ደረሰው፤ በዚያ ግብዣ ላይ ከሁለቱም የበላ እሱ ብቻ ነው።

አሁን አርጅቷል። እኔ የምመጣበትን ሰዓት በፀሐይዋ ነው መሰለኝ የሚገምተው፣ ሲመሽ ሄዶ በሩ ላይ ይቆማል። አንዳንዴ ቀደም ብዬ ገብቼ ከኩሽና ሆኜ አየዋለሁ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ እኔን ይጠብቃል። ሄጄ ፊቱ እስክቆም ድረስ ይጠብቃል።

ሐኪሙ ከፍ ያለ ቦታ ተሰጥቶታል ይባላል። በቀደም ሱቄ ገባ። ከፍየሉ ወዲህ አንተ ነው የምለው።

«እትዬ፣ ውሻዎ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት። «ስለ አንተ አንድም ክፉ ነገር ሰምቶ አያውቅም።»

ሳሙና ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ውጭ ላም የታመመችበት ገበሬ ዶክተር እያለ ይጠራው ስለነበር ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እሱ ወጣ።