ቢያድግልኝና የኤዶ ሱማያ በርካድ

ስለ ግንበኛው ቢያድግልኝ የማውቀው ጥቂት ነው፤ እሱንም ያገኘሁት ከፈጠነ ነው። ፈጠነ ራሱ አብሮት ድንጋይ ሲያቀብል ከርሞም ሰውየውን አውቀዋለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ሀርጌሳ ከተማ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ፤ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ቢያድግልኝ የጎጃም ሰው እንደሆነ፣ ወሬ እንደማይወድ፣ የግንብ ማቅኛውን ቱምቢ ሳይጥል ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማያነሣ ያውቃል። ከዚያ ያለፈውን የሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው።

የሰማው እንዲህ ነበር። ቢያድግልኝ ከሀርጌሳ ራቅ ባለ መንደር አንድ በርካድ ሠርቷል። በርካድ ማለት መሬት ተቆፍሮ፣ በድንጋይ ተገንብቶ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው፤ ወንዙ የአሸዋ መንገድ ብቻ በሆነበት አገር ሰውም እንስሳም በጋውን የሚሻገሩት በእሱ ነው። ያ በርካድ ሞላ፤ ሞልቶም ይጎድል ጀመር። አፈሰሰ ተባለ። ግንበኛው ጎህ ሳይቀድ ዕቃውን ጠቅልሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ሻይ ቤት የሚቀመጡ ያገሩ ልጆች “ወንፊቱ” ይሉታል። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል።

እንግዲህ ኤዶ ሱማያ በርካድ ሥራልኝ ያሉት ይህን ሰው ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ከከተማው ዳር፣ ከዳሚ ሰፈር ወዲያ ፍየል ያረባሉ። ሀርጌሳ በጦርነት በፈረሰችበት የስደት ዘመን ኢትዮጵያ ገብተው ጅግጅጋ በኩል ኖረው አማርኛ ለምደዋል፣ ተረቱን ሳይቀር። ባለፈው ጅላል፣ በረጅሙ ደረቅ ወራት፣ የፍየሎቻቸው እኩሌታ አልቋል። ዘንድሮ ውሃ የሚይዝ ነገር ካላገኙ የቀሩትም እንደማይተርፉ፣ ከዚያም በኋላ እሳቸው የሚኖሩበት ምንም እንደሌላቸው ሳይደብቁ ነገሩት።

ቢያድግልኝ ያን ልስን ሲለስን ፈጠነ እስኪሰለቸው ድረስ አየው። በማለስለሻው እንጨት፣ በታሎሽ ያሸዋል፣ ተመልሶ ያሸዋል። ፀሐይ እንዳትሰነጥቀው እርጥብ ጆንያ ያለብሰዋል፤ ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጣዋል።

“ለሚስትህ እንዲህ ተጠንቅቀህላት ታውቃለህ?” አለው ፈጠነ።

“ሚስት አታፈስም” አለ ቢያድግልኝ።

ዝናቡ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ጎርፉ በቦዩ ደፍርሶ ወረደ፣ ደለሉን በፊተኛው ትንሽ ገንዳ ጣለ፣ ከዚያ በርካዱን አፉ ድረስ ሞላው። ኤዶ ሱማያ አልሐምዱሊላህ እያሉ በጭቃው ላይ ወዲያ ወዲህ አሉ። ቢያድግልኝ ግን ከሰል ፈልጎ የውሃውን ልክ ግንቡ ላይ አሰመረ።

ከዚያ ሰማዩ ጠራ፣ ደረቁ ንፋስም ይነፍስ ጀመር። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ጠዋት ፈጠነ ሲደርስ፣ ቀድሞት የወጣውን ጓደኛውን ከበርካዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ አገኘው። ገና ማንም ሳይቀዳበት ውሃው ከከሰሉ መስመር ጣት ያህል ወርዷል። ቢያድግልኝ የግንበኛ ማንኪያውን፣ ታሎሹን፣ ቱምቢውን አንድ በአንድ እየጠረገ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይከት ገባ። ፈጠነ ሂድ እንዳይለው ኤዶ ሱማያ አሉ፤ ቆይ እንዳይለው የሻይ ቤቱ ሳቅ ከወዲሁ ይሰማዋል።

ኤዶ ሱማያ ከፍየሎቻቸው መሃል ብቅ አሉ። ከረጢቱን አዩ፤ መስመሩንም አዩ።

“ግመል ሰርቆ አጎንብሶ” አሉ። “ወዴት ነው?”

ቢያድግልኝ አንገቱን ደፍቶ ውሃው እንደጎደለ፣ ልስኑ የት ጋ እንደተሰነጠቀ ፈልጎ እንዳጣው ነገራቸው።

“ባገርህ ፀሐይ ውሃ አትጠጣም?”

ቢያድግልኝ ባደገበት ምንጩ ከጓሮ ይፈልቃል፤ የቀዳ ይቀዳል እንጂ ጎደለ ብሎ የሚለካ የለም።

ኤዶ ሱማያ አፉ ተቆርጦ የተጣለ ጀሪካን አንሥተው ድንጋይ ከተቱበት፣ በርካዱ ደረጃ ላይ ውሃው ውስጥ አቆሙት፣ ከውጭው ውሃ ጋር እኩል ሞሉት። የውሃውን ልክ ጀሪካኑ ውስጥ በምስማር ጫሩ፤ ግንቡንም በከሰል አዲስ አሰመሩ። አባታቸው ሲያደርጉ ያዩት ነው።

“ጀሪካን አያፈስም” አሉ። “እኩል ከወረዱ የጠጣችው ፀሐይ ናት። በርካዱ ብሶ ከወረደ ሌባው አንተ ነህ። ሳምንት እስኪሞላ ማንም አይቀዳበትም፤ እስከዚያ ይሄ እኔ ዘንድ ያድራል።” ከረጢቱን ከእጁ ወስደው ቤት አስገቡት።

በነዚያ ቀናት ቢያድግልኝ ከሳህኑ እየራቀ ፈጠነ ብቻውን በላ። የሚታይበት ጠዋት ሲደርስ ሰውየው ከበርካዱ ራቅ ብሎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። የወረደው ፈጠነ ነው። ጣቱን ግንቡ ላይ ከከሰሉ መስመር በታች አስተኛ፤ ያንኑ ጣት ጀሪካኑ ውስጥ ከጭረቱ በታች አስተኛ። ላለመሳሳት መልሶ ለካ።

“ቢያድጌ፣ ና እይ።”

“አንተው ንገረኝ።”

“እኩል ነው።”

ቢያድግልኝ እዚያው አፈሩ ላይ ዘጭ አለ። ውሃ ስጡኝ አለ፤ ከዚያው ከበርካዱ ቀድተው ሰጡት፣ ድፍርሱን ጭልጥ አደረገው። ከዚያ ሳቀ። ፈጠነ እሱን ሲስቅ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መሰለው። ኤዶ ሱማያ ከረጢቱን አምጥተው እግሩ ሥር ጣሉትና ፀሐይዋን የሚከለክል ጣራ እንዲሠራ አዘዙት። ፍየሎቹ መጠጫ ገንዳቸው ላይ እየተጋፉ ነበር።

የጣራውን ቆርቆሮ ሲመቱ ከላይ ሆነው ውሃው ከሥራቸው ጸጥ ብሎ ይታያቸዋል። ቢያድግልኝ በአፉ ምስማር ይዞ አንድ የቆየ ዜማ ያንጎራጉራል። ፈጠነ ግን አንድ ነገር ከንክኖታል፤ ባልጠየቅሁ ይሻላል እያለ ጠየቀው።

“ያኛውስ፣ ቢያድጌ? የመንደሩ በርካድ? እሱንም ፀሐይ ጠጥታው ይሆን እንዴ?”

ቢያድግልኝ ከዳሚ ባሻገር ወዳለው ሜዳ አየና ምስማሩን ካፉ አወጣ።

“እሱን ተወውና ያንን ቆርቆሮ ያዝልኝ” አለ።

ፈጠነ ያዘለት።