ሁለተኛ የወጣው ቀብር

የአጭር ልቦለድ ውድድር ለጀማሪ ደራሲ በር ይከፍታል ይባላል። አይከፍትም። ተሸንፌም አሸንፌም አይቼዋለሁ። ከማሸነፌ ወዲህ የተከፈተ በር ቢኖር አከራዬ በጠዋት እየመጡ ይቆሙበት የነበረው የገዛ በሬ ነው።

ጀማሪ ያልኩት በዕድሜ አይደለም፤ ጸጉሬ ከሸበተ ቆይቷል። ለዓመታት የሌሎችን መጻሕፍት እያብጠለጠልኩ መጣጥፍ ስጽፍ ኖሬ፣ ሌላው ሰው በሚመንንበት ወይም መሬት በሚገዛበት ዕድሜ ልቦለድ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ለውድድር የላክኋቸው የመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ምላሽ አልነበራቸውም። ዘንድሮ ታሪክ የሚላከው በስልክ ስለሆነ ተመላሽ ፖስታ እንኳ የለም፤ ዝም ትባላለህ፣ በቃ። አንድ ዳኛ ብቻ አዝኖልኝ መሰለኝ፣ «ገጸ ባሕርያትህ ሁሉ መጽሐፍ ያነበቡ ናቸው፤ አንድ እንኳ የሚያስነጥሰው የለም» ብሎ ጻፈልኝ። ተናደድኩ። ንዴቱ ሲበርድልኝ የሚያስነጥስ ሰው ፍለጋ በመስኮቴ ማየት ጀመርኩ።

በመስኮቴ የሚታዩት አከራዬ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ከግቢያቸው ጓሮ ያለችውን ክፍል ነው የተከራየሁት። ጧፍ እየሠሩ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ ክሩን በቀለጠ ሰም እየነከሩ ግድግዳው ላይ በተመታ ሚስማር ይሰቅሉታል። ግራ እግራቸው አይታዘዝም። ግቢውን ሲያቋርጡ ሳያዩዋቸውም ይታወቃሉ፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ ጉትት።

እግራቸውን ወሰድኩ። ጧፋቸውንም፣ በነጠላቸው ጫፍ የሚቋጥሯትን ቁልፍም ወሰድኩና ለአንዲት ባለታሪክ ሰጠሁ። ባለታሪኳ ትሞታለች፤ አጭር ልቦለድ ውስጥ አሮጊት ሌላ ሥራ የላትም። ክረምት ነው። ከጮቄ የወረደ ጉም አገሩን ውጦታል፤ ቃሬዛውን ከኋላ የያዙት ከፊት የያዙትን አያዩም። ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ፤ ቄሱ በጸሎተ ፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ይጠራሉ። ይኼኔ ከለቅሶኛው ኋላ አንዲት ሴት እግሯን እየጎተተች ወደፊት ትመጣለች። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

አከራዬን ሰው እንዳያውቃቸው የባለታሪኳን መጠሪያ ስም የማይመስል አደረግሁት። የክርስትና ስሙንም ከራሴ ፈጠርኩ። በየቤቱ ያለውን፣ ሁሉም የሚጋራውን ስም ንቄ፣ ለሰው ሲሰጥ ሰምቼ የማላውቀውን እንግዳ ስም ሰጠኋት። እዚህ አልጽፈውም።

ታሪኩ ሁለተኛ ወጣ። ሽልማት ልቀበል መድረክ ስወጣ ወጣቶቹ የአንዱ ተወዳዳሪ አባት መስዬአቸው ሞቅ አድርገው አጨበጨቡልኝ። ከሌሎቹ አሸናፊዎች ጋር በመድበል እንደሚታተም ተነገረኝ። ከዚያ በፊት ግን በአካባቢው ሬዲዮ ተተረከ። ተራኪው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሳይሆን አይቀርም፤ የፍትሐቱን ቦታ በዜማ አወረደው።

በማግስቱ በሬን ስከፍት አከራዬ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል።

«የክርስትና ስሜን ማን ነገረህ?»

«የምን ስም እትዬ?»

«ትናንት በሬዲዮ የቀበርከውን ነዋ!»

የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። መተተኛ እጅ እንዳይገባ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይደብቀዋል፤ በአደባባይ የሚጠራው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ አላምንበትም እንጂ።

«እኔ የፈጠርኩት ስም ነው» አልኳቸው።

«እናቴ ታውቀው ነበር፣ አረፈች። የክርስትና እናቴም አረፈች። የነፍስ አባቴ ያውቁታል፤ እሳቸው ደግሞ አንተን ሲያዩ መንገድ ነው የሚቀይሩ።»

«እትዬ፣ ልቦለድ ማለት እኮ ፈጠራ ነው። ስሙ በአጋጣሚ ገጠመ።»

«እግሬስ? እግሬም በአጋጣሚ ገጠመ?»

ወንበሬን ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«እግሬን ውሰደው» አሉ። «ድሮም አልጠቀመኝ። ስሜን ግን መልስ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ ነኝ የማስተምርህ? እንደጻፍከው አውጣኝ! መጽሐፍ ይሆናል አሉ። ሰው ባነበበው ቁጥር በቁሜ ፍትሐት ሊደረግልኝ ነው?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሬዲዮናቸውን ለጎረቤት ሰጡ። ጎረቤቲቱ «እንዴት አደሩ እትዬ?» ስትላቸው፣ «ማን፣ እኔ? ሬዲዮ አትሰሚም እንዴ? ሞቻለሁ እኮ» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን እየሳቀች ለሰፈሩ ታወራው ነበር። በኋላ መሳቋን ተወች፤ ስታልፍም በአጥሩ ጥግ ማለፍ ጀመረች። አከራዬ ከሚሠሩት ጧፍ ላይ ጥቂቱን እየለዩ ለብቻው በተመታ ሚስማር ይሰቅሉ ጀመር። ለገዢ አያሳዩትም። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ስለዚያው ስም ሊሟገቱኝ መጡና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ውጭ ጉም ነው፤ የግቢው ጌሾ እንኳ አይታይም። እኔ ስለ ፈጠራ እያስረዳሁ፣ እሳቸው ቁልፋቸውን እየነካኩ ሳለ፣ ከግቢው ድምፅ መጣ። አንድ እርምጃ፣ አንድ ጉትት።

እግራቸውን አየሁ። ሁለቱም ወለሉ ላይ ናቸው።

«ማነው?» ብዬ ጮህኩ። ድምፁ ቆመ። ወጣሁ። ሰው የለም። ጭቃው ላይ የተጎተተ እግር መስመር አለ፤ ግን እሳቸውም የመጡት በዚያው ነውና ማስረጃ አይሆንም። ብዙ አንብቤአለሁ፤ ጉም ድምፅን እንዴት እንደሚያሳስት የሚያስረዳም አንብቤ ይሆናል፤ ያን ጠዋት አንዱም ትዝ አላለኝም።

ስመለስ፣ «ሄደች?» አሉኝ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚጠይቅ ሰው። «እሷ ናት እንጂ የቸኮለች፣ እኔስ አልቸኮልኩም።»

የዚያኑ ዕለት አዲስ አበባ ላለው ለመድበሉ አርታኢ ደወልኩ።

«የክርስትና ስሙ ይቀየርልኝ።»

«ጋሼ፣ ዳኞቹ የወደዱት እኮ እሱን ነው!»

«ቀይረው።»

«እሺ፣ በምን ልቀይረው?»

በኋላ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ስም አሰብኩ፤ ወዲያው ሮብ ገበያ ከተማ በኩል፣ የማላውቃት አንዲት ሴት ከሥራዋ ቀና ብላ ማን እንደጠራት ስትፈልግ ታየችኝ። ሌላ አሰብኩ፤ ደብረ ወርቅ ሌላ ሴት ቀና አለች። ልጽፈው የምችለው ስም ሁሉ ባለቤት አለው። ለዓመታት ደራሲዎችን «ስም አወጣጣችሁ ግድ የለሽ ነው» እያልኩ ስወርፍ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ስም መጻፍ አቃተኝ።

የጸሎት መጻሕፍት የሰው ስም በሚገባበት ቦታ «እገሌ» ወይም «እገሊት» ብለው እንደሚያልፉ ትዝ አለኝና ደወልኩ።

«እገሊት በላት።»

«ጋሼ፣ እንደሱማ ያላለቀ ያስመስለዋል።»

«አላለቀችም!» ብዬ ጮህኩበት። ራሴም ደነገጥኩ። እሱም ደንግጦ ይሆናል፣ እቀይረዋለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ።

መድበሉ ሲወጣ ስሙ እንዳለ ነው። ያ ገጽ ቀድሞ ታትሞ ኖሯል። «በሁለተኛው እትም እናርመዋለን» አለኝ አርታኢው። በዚህ አገር የአጭር ልቦለድ መድበል ሁለተኛ እትም የሚወጣው ከሙታን ትንሣኤ በኋላ ነው።

አከራዬ መጽሐፉን እጄ ላይ አዩት። ፊደል አልቆጠሩም።

«ወጣ?»

«ወጣ።»

«አለሁበት?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ከልቦለድ ጸሐፊ የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

«አሉበት» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጧፋቸው ሰም ተመለሱ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ከአልጋ አይወርዱም። ሐኪም አይቷቸዋል፤ ዕድሜ ነው አለ። የነፍስ አባታቸው ይመላለሳሉ፤ እኔን ሲያዩ መንገድ መቀየሩን ትተው ቆመው ያዩኛል፣ ይኼ ይብሳል። አከራዬ ከተኙ ወዲህ ግቢውን የሚያቋርጥ እግር ሊኖር አይገባም ነበር። አለ። ጉም በወረደ ቁጥር ወደ በራቸው ያመራል፤ በየጊዜው ወደ በሩ ይበልጥ እየቀረበ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም።

ከተማው ውስጥ መድበሉን የሚሸጡትን ሁሉ ዞሬ፣ ባገኘሁት ቅጂ ላይ ስሙን በጥቁር እስክሪብቶ ደለዝኩት። አንዱ ሻጭ፣ «አባባ! መጽሐፍ ገዝተው ቤትዎ ይደልዙ!» አለኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ይባስ!»

ልክ ነው። የቀሩትን ቅጂዎች ግን አላገኛቸውም፤ እናንተ ቤት ናቸው። ሽፋኑ ላይ ጉም የለበሰ ተራራ አለ፤ ጮቄ እንዳይመስላችሁ፣ ከኢንተርኔት የወረደ የባዕድ አገር ተራራ ነው። ውስጡ አንድ የቀብር ታሪክ አለ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ቄሱ አንድ ስም ይጠራሉ። በዚህ ታምኑ አታምኑ ጉዳዬ አይደለም፤ እኔም ምን እንደማምን አላውቅም። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ። ስሙን ጮክ ብላችሁ አታንብቡት። እስክሪብቶ አንሱና ደልዙት፤ ዛሬውኑ።