የለቀቅሁት ፌሬት

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ታደሰ የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች ሰብስበው ስለ ርኅራኄ ሲያስተምሩ እኔን በምሳሌነት አነሡኝ። "የዚች ልጅ አባት በወጣትነቱ በሳጥን የታሰረ እንስሳ ነፃ አውጥቷል። ምስክርነቱን ሲሰጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አሏቸው። ልጄ ቤዛ ዞር ብላ በኩራት አየችኝ። እኔ ቤቴ ውስጥ ግማሽ እውነትን ከውሸት የምቆጥር አባት ነኝ። የዚያን ዕለት ግን ፈገግ ብዬ አሳለፍኩት።

ያኔ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ከአገር ቤት በመጣሁባት በሪችፊልድ ከተማ ከጓደኛዬ ከደረጀ ጋር አንድ ጠባብ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ሸምበቆ የከበበው ኩሬ አለ። ኤርፖርት አብሮኝ ወለል የሚያጸዳ ስቲቭ የሚባል ሰው እንስሳ ወደማይፈቀድበት ቤት ሊዛወር ሲል ፌሬቱን ከነሳጥኑ ይዞልኝ መጣ። ፌሬት ሸለምጥማጥ የሚመስል፣ ረዘም ቀጠን ያለ ሥጋ በል ነው፤ እዚህ አገር እንደ ድመት ቤት ውስጥ ያሳድጉታል።

"ላንተ ነው፤ ጥሩ ሰው ስለሆንክ" አለኝ።

አልፈልግም ማለት አቃተኝ። ስጦታ ሲዘረጋልን እጃችን ከአእምሯችን ይቀድማል። ይሉኝታን ብዙ ሰው ከበጎ ጠባይ ይቆጥረዋል፤ እኔ የፈሪ ጨዋነት እለዋለሁ።

ደረጀ ገና ሲያየው በሩ ላይ ቆመ። "አንተ፣ ይሄ የአጎቴን ዶሮዎች የጨረሰው አይደለም እንዴ? እዚህ ድረስ ተከተለን?"

"እንግዳ ነው፤ ቻለው።"

"እንግዳ እኮ ታጥቦ ነው የሚመጣው!"

እውነቱን ነው፤ ይሸት ነበር። ምን እንደሚበላ ስለማላውቅ ከማዕዳችን አካፈልኩት። ከዶሮ ወጥ ውስጥ እንቁላሉን አውጥቼ፣ በርበሬውን በቧንቧ ውኃ አጥቤ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምግብ ጠላ። ቀስ በቀስ ጥሬውንም አለማመድኩት። ከሥራ ስመለስ ሳጥኑን ስከፍትለት በእጅጌዬ ገብቶ በአንገቴ በኩል ብቅ ይል ነበር። ወድጄው እንደነበር አልክድም።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥና የመንገዱ ዳር ጥቁር ጭቃ ሲሆን ደረጀ "ወይ እሱ ወይ እኔ" አለ። ስቲቭን "መልሰህ ውሰድ" ማለት ነውር መሰለኝ። ሌላ ሰውም አላማከርኩም። አውሬ የዱር ነው፣ ዱር ደግሞ የትም ዱር ነው ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን ተሸክሜ ኩሬው ዳር ወረድኩ። በሩን ከፍቼ "ሂድ፣ ነፃ ነህ" አልኩት።

ደረጀ ሳቀ። "እንደ ኢሚግሬሽን እስረኛ ሪሊዝ አደረግከው? የመኖሪያ ወረቀቱንስ ማን ይጨርስለታል?"

በማግሥቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በምስክርነት ሰዓት ተነሣሁ። ስለ ሽታውም ስለ ደረጀም አላነሣሁም። እግዚአብሔር ስለ ታሰረው ፍጥረት ልቤን እንደ ነካው ተናገርኩ። ጉባኤው "ሃሌ ሉያ" እያለ አጨበጨበ። ጋሽ ታደሰ እጄን ጨብጠው መረቁኝ። እኔም የተናገርኩትን አመንኩት።

በዚያው ሳምንት ሚስ ካሮል በራችንን አንኳኩ። ታች ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በረዶው በቀለጠ ቁጥር ኩሬው ዳር እንቁላል የሚጥሉትን የዱር ዳክዬዎች በመስኮታቸው ይጠብቁ ነበር፤ ሣር አጫጁን እንኳ ወደ ሸምበቆው አያስጠጉትም።

"አንድ ነገር እንቁላሎቹን እየበላ ነው። እናቲቱንም ነክሷታል። አንተ ጎበዝ ነህ፣ እርዳኝ" አሉኝ።

ከደረጀ ጋር ሦስታችንም ወረድን። ጎጆው ውስጥ የተሰባበረ ቅርፊትና አስኳል የነካው ሣር አየሁ። ወዲያ ማዶ ዳክዬዋ ክንፏን ትጎትታለች። ሸምበቆው ተንቀሳቀሰና ፌሬቱ ብቅ አለ። ከስቷል፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እኔን ሲያይ ሮጦ መጣ፤ ሱሪዬን ቧጥጦ ወጣና እጅጌዬ ውስጥ ተወሸቀ። ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሚስ ካሮል መጀመሪያ እጅጌዬን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

"ያውቅሃል" አሉ።

ደረጀ ሳጥኑን ሊያመጣ ወደ ቤት ሮጠ።

"ነፃ ያወጣሁት መስሎኝ ነበር" አልኩ።

"እሱ የት እንዲሄድ? እሷስ የት እንድትሸሽ?" አሉና ወደ ዳክዬዋ ዞሩ።

ፌሬቱን ለእንስሳት መጠለያ አስረከብነው። ዳክዬዋ አልተረፈችም። እኔ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄጄ "ያ ምስክርነት ልክ አልነበረም" አልኳቸው። "ተወው ልጄ፣ ሕዝቡ ተባርኮበታል" አሉኝ። ምኑ ልክ እንዳልነበረ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ከሚስ ካሮል ጋር ላለመገናኘት በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። የኪራይ ውሉ ሲያልቅ ሆፕኪንስ ወደምትባል ቅርብ ከተማ ተዛወርኩ።

የመደበኛ ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ የቀረውን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው የለቀምኩት። ኒውዚላንድ ውስጥ ጥንቸል ያጥፋልን ብለው ፌሬት ከባሕር ማዶ አስመጥተው እንደ ለቀቁ፣ እሱም ሸሽተው መብረር የማይችሉትን የአገሩን ወፎች መፍጀት እንደ ጀመረ ያነበብኩት እዚያ ነው። እንዲህ ያለውን መጤ ዝርያ ይሉታል። ለእኔም የሚባል ቃል ስለሆነ መጽሐፉን ዘግቼ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ነገሩ ሌላ ነው። እኔ በእግሬ መጣሁ። እሱን ሰው አመጣው፤ ሰው ሲሰለቸው ጣለው፤ መጣሉንም ምሕረት ብሎ ሰየመው።

ትናንት ቤዛን ከትምህርት ቤት ሳመጣት መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ምስክርነቱ፣ ስለ ጭብጨባው፣ ስለ ኀፍረቴ እንደ ልማዴ አስረዝሜ ሰበክሁ። በመጪው እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ እንደማስተካክለውም ነገርኳት። ከዚያ ፍርዷን ጠበቅሁ።

እሷ ግን በእንግሊዝኛዋ "ሌሎቹ ዳክዬዎችስ? በዓመቱ ተመልሰው መጡ?" አለችኝ።

አላውቅም። ከሆፕኪንስ እዚያ ድረስ በመኪና ቅርብ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ ስሜ ስጨነቅ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየሁም። ኀፍረት ንስሐ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እሱም ራስን መውደድ ኖሯል።