መሃለኛው ቁጥር

ያኮሚና ቦዩ ዳር ተንበርክካ፣ ከውሃ መለኪያው እንጨት ላይ የተጣበቀውን ዛጎል በአሮጌ ቢላዋ ትፍቃለች። ጣቶቿ በብርድ ቀልተዋል። ጓንት አትወድም፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ የላላ ሽቦ አይለይም ባይ ናት።

የዜላንድ ሜዳ ከባሕር የተነጠቀ ነውና በየቦዩ እንዲህ ያለ መለኪያ ቆሟል። ሁሉም የውሃቸውን ከፍታ በሬዲዮ የሚልኩት ወደ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እሷ በምትሠራበት የውሃ ጽሕፈት ቤት ወዳለው። ዝናብ ሲበረታ ግን ሁሉም ባንዴ ይጮሁና አንዱ የሌላውን ቃል ይውጠዋል። ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነበር።

ለዚህ መላ ያገኘችለት ያኮሚና ናት። መለኪያዎቹ መጀመሪያ በየመንደራቸው ለሚቆም አንድ መቀበያ ሳጥን ይንገሩ፤ ሳጥኑ ደምሮና አካፍሎ አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ ይላክ አለች። በዚያ አገር የቦይ ከፍታ የሚወሰነው ገበሬው ተሰብስቦ ነው። ባለ ዝቅተኛ መሬቱ "ይጉደል"፣ ባለ ከፍተኛው "ይሙላ" ሲሉ ይውሉና መሃሉ ላይ ይጨባበጣሉ። አባቷ በዚያ ስብሰባ ያረጁ ሰው ነበሩ። መሃለኛው ቁጥር ለእሷም ፍትሕ መስሎ ታያት። መሥሪያ ቤቱም ወደደላት።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ አላባራ ሲል ታላቅ ወንድሟ ማሪኑስ ደወለ። ሚስት የለውም፤ ከመንደሩ ሁሉ ዝቅ ባለው መስክ ላይ በግ ያረባል።

"ሚና፣ በጎቼ እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል!"

"እዚህ ደህና ነው የሚለው። የመንደራችሁ ውሃ ከልኩ አላለፈም።"

"እንግዲያው በጎቹን ኮምፒውተርሽ ላይ ላሰማራቸዋ!"

"አንተ ደግሞ! ሁለት ጠብታ ካየህ የኖኅን መርከብ ነው የምትጠራው።"

"ሳቂ፣ ሳቂ። ፓምፑን ብቻ አስነሺልኝ።"

"ቁጥሩ ከልኩ ሳያልፍ አይፈቅዱልኝም። ትንሽ ታገሥ።"

"እኔስ ልታገሥ፤ በግ ምን ያውቃል? እኔው እወርዳለሁ።"

ስልኩን ዘጋው። ያኮሚና መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። የሌሎቹ ሁሉ ውሃ ዝቅ ብሏል። የማሪኑስ ቦይ ብቻ ከአፉ አልፎ ፈስሷል፤ የነዚያ ጉድለት የእሱን ሙላት ሸፍኖት ነበር። ሳታስፈቅድ ፓምፑን አስነሳች። መልሳ ደወለች፤ አያነሳም። መኪናዋን አስነስታ በረረች።

በጎቹ አንድም ሳይጎድል ግድቡ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ማሪኑስን ጎረቤቶቹ ከትንሿ ድልድይ ሥር አውጥተው ሣሩ ላይ አስተኝተውታል። አንዱ ኮቱን አውልቆ ፊቱን ሸፍኖለታል።

ከቀብሩ ማግስት ቢሮ ገባች። ከእንግዲህ ሳጥኑ የሚልከው ከሁሉ የበለጠው ከፍታና የቦዩ ስም እንዲሆን አደረገች። አለቃዋ አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

"ያኮሚና፣ ሐሳቡን ሁላችንም ተቀብለነዋል። ጥፋቱ የሁላችንም ነው።"

"ለሁላችን ካካፈልነውማ ለማንም አይደርስም፣ ጌታዬ" አለች ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ።

በሚያዝያ ከሚድልቡርግ ከተማ አንድ ቢላና መቀስ የሚስል ስለት ሠሪ ደወለላት። የማሪኑስ የበግ መሸለቻ መቀስ ከተሳለ ቆይቷል፤ ባለቤቱ ስልክ አላነሳ ቢለው ነው ወደ እሷ የደወለው። መሞቱን አልነገረችውም።

"ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ" አለችው።

ያ ቅዳሜ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። መቀሱ አሁንም ስለት ሠሪው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው።