የታደሰን ደም የመለስኩ ለት

አሰብ ነኝ፤ ቁርስ ገና አልቀመስኩም... የአገሩ ልጅ ሐሰን በሬን አንኳኳ። ዘመኑ የደርግ ነው። ሐሰን ወደብ ላይ ጸሐፊ ነበር፣ ወሬ ማንዛዛት አይወድም።

«ታደሰ አረፈ» አለኝ። «ክሬኑ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። እናቱ ደሴ ናቸው፣ ሳያዩት አይቀበርም። አንተ ጋ በረዶ አለ አሉ።»

ነበረኝ። በማግስቱ ልጓዝበት ከዓሣ ቤት ለምኜ፣ በሰጋቱራ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ነው። የዶክትሬት ጥናቴ በፊዚዮሎጂ ነው፤ የሰው ሰውነት የአሰብን ሙቀት እንዴት እንደሚችለው ለማወቅ ከወደብ ሠራተኞች ደም ስቀዳ ከርሜያለሁ። ደሙ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ እስኪደርስ መቀዝቀዝ አለበት፣ አለበለዚያ ይበላሻል።

ታደሰም ደም ሰጥቶኛል። ክሬን ነጂ ነው፣ ቀልደኛ። መርፌውን ስነቅል «ይሄን ደሜን መቼ ነው የምትመልስልኝ?» አለኝ። «ጥናቱ ሲያልቅ» አልኩት። ተሳስቀን ተለያየን።

«ሐሰን፣ በረዶው ከሄደ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ» አልኩት።

«ማን ስጠኝ አለህ? ሣጥንህን ከእሱ ጋር ጫን፣ አንተም ውጣ። መንገዱ አንድ ነው።»

እውነቱን ነው። ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ታደሰን በትልቁ ሣጥን፣ ደሙን በትንሹ ጫንን፣ በረዶውን ዙሪያቸውን ደረደርን። ፀሐዩ እንዳያገኛቸው ሁለቱንም ጋቢ አለበስናቸው። እስከ ባቲ ድረስ ውሃው ከመኪናው ሥር ሲንጠባጠብ እያየሁ ሄድኩ። የደጋው ቅዝቃዜ ሲመጣ ነው ትንፋሽ ያገኘሁት።

ደሴ ለቀስተኛው ደጅ ላይ ይጠብቀን ነበር። ትልቁ ሣጥን ሲወርድ ለቅሶው ቀለጠ። ቀጥሎ ጎረምሶቹ ትንሹን፣ ጋቢ የለበሰውን ሣጥን አወረዱ... ሰው ሁሉ ዓይኑን ተከለበት።

የታደሰ እናት እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው መጡና እጃቸውን ትንሹ ሣጥን ላይ አሳረፉ።

«ልጅ ነበረው እንዴ?» አሉ። «ምነው ሳይነግረኝ... ወንድ ነው ሴት?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «የለም እማማ፣ ልጅ አይደለም። ለትምህርቴ ከሠራተኞች የቀዳሁት ደም ነው። የእሱም አለበት።»

«የእሱ የቱ ነው?» አሉኝ።

ከፍቼ አሳየኋቸው። ጣት የምታክል ብልቃጥ ናት። ከዚያ ሁሉ ደም አጥብቄ የምፈልጋት ደግሞ እሷን ነበር፤ ልቡ የቆመበትን ምክንያት የምትናገር ካለች እሷ ናት። ይህንንም ነገርኳቸው።

እትዬ ዘነበች አልተቆጡም። «ምክንያቱ ቢታወቅ ይነሣልኛል ልጄ? ሰው ጎድሎ አይቀበርም» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ።

ብልቃጧን ሰጠኋቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋት ሄዱ፤ ሲቀበር ከጎኑ አስገቧት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ለእሱም ለብልቃጧም።

የቀረው ደም አዲስ አበባ በደህና ገባ። ጥናቴን በፈታኞች ፊት ያቀረብኩ ዕለት አንዱ ፕሮፌሰር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የአንድ ሰው ናሙና ይጎድላል፤ ጠፋብህ?» አሉኝ።

«አልጠፋብኝም» አልኳቸው። «ለባለቤቱ መለስኩለት።»