ከበረኛው ጀርባ የተቀመጠችው

ቲያትር ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ትልቁም ትንሹም «እትዬ ሹክ» ይላታል። ሥራዋ ማንሾካሾክ ነውና ስሙ ያንሳት እንደሆነ እንጂ አይበዛባትም። ከመድረኩ ጠርዝ፣ ወለሉ ላይ፣ በተመልካቹ በኩል በእንጨት ክዳን የተከለለች አንዲት ጉድጓድ አለች። እትዬ ሹክ እዚያ ውስጥ አጭር በርጩማ ላይ ትቀመጥና ጽሑፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ተዋናዩ ቃል ሲጠፋበት ታቀብለዋለች። ድምፅዋ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። መድረክ ላይ ያለው አጥርቶ ይሰማታል፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ያለው ግን ምንም አይሰማም።

ባሏንም ያገኘችው በዚሁ ድምፅ ነው። ገና ወጣት ተዋናይ ሳለ በየልምምዱ ቃል እየጠፋው መከራዋን ያሳያት ነበር። «ይኼ ሰውዬ ጭንቅላቱ ወንፊት ነው» እያለች ለጓደኞቿ ታማው ነበር። አንድም ቀን ቃል ጠፍቶት እንደማያውቅ የነገራት ከተጋቡ በኋላ ነው።

«ድምፅሽን ለመስማት ሌላ ምን መላ ነበረኝ?» አላት። ይህን ስታወራ ዛሬም አፏን በእጇ ሸፈን አድርጋ ትስቃለች።

ቲያትር ቤቱ የየዓመቱን ሥራ የሚከፍተው ማን እንደጻፈው በማይታወቅ አንድ ጥንታዊ ተውኔት ነው። የከተማ በር የሚጠብቅ ሽማግሌ፣ ጠላት ከተማውን ከብቦ ሳለ የገዛ ልጁ ከጠላት ወገን ሆኖ በሩን ያንኳኳበታል። ታሪኩን የማያውቅ ተመልካች የለም፤ ግን በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱም ያለቅሳል። ይህ ተውኔት ደግሞ የራሱ ወግ አለው። በረኛውን የሚጫወተው ሰው ሲያረጅ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሚጫወትበት ቀን መጋረጃው ሳይዘጋ የበረኛውን ካፖርት ከትከሻው አውልቆ ለተተኪው ያለብሰዋል። «በሩን አደራ» ይለዋል። ካፖርቱን እንዲህ ሳይረከብ የለበሰ ሰው የለም። የእትዬ ሹክ ባል ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ለብሶት ስለኖረ፣ ከመድረክ ውጭም ስሙ «በረኛው» ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ መርሳት የጀመረው።

መጀመሪያ ላይ የሚያስቅ ነገር ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ሻይ ላይ ጨው ጨምሮ «ዛሬስ ሻይሽ ምን ነክቶታል?» ይላል። እያደር ግን ሳቁ ቀረ። አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዙን ስትቆልፍለት ትክ ብሎ አያትና፣ «እህቴ፣ ባለቤቴ ስትመጣ ወጥቷል በያት» አላት። «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብላ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈችለት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ፣ የታጠበውን ስኒ መልሳ ስታጥብ ቆየች።

የሚገርመው የበረኛው ቃል አልጠፋውም ነበር። የትናንቱን የማያስታውሰው ሰው፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ያን ሁሉ ንግግር እንደ ውኃ ያወርደዋል። በዚያ ዓመት ልምምድ ላይ ግን ውኃው ተቋረጠ። እትዬ ሹክ ከጉድጓዷ ሆና ቃሉን ብታቀብለው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መድረኩ ጥግ ሄደ። ደግማ ብትለው ድምፁ ከወዴት እንደመጣ ጠፍቶት ጣሪያውን አየ። ተዋናዮቹ ሁሉ እግር እግራቸውን አዩ።

አዘጋጁ ደግ ሰው ነው። ልምምዱ ሲያልቅ ቢሮው አስገብቶ አስቀመጣት።

«እትዬ፣ እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት ባናቆመው ይሻላል። ካፖርቱን እዚሁ ቢሮ ውስጥ ለቀጭኑ ያስረክበው። እኛው እኛው እንሁንና ሻይ እንጠጣለን» አላት።

ቀጭኑ የባሏ ተማሪ ነው፤ ረጅም፣ መቃ የመሰለ ተዋናይ፣ ቤታቸው ገብቶ የሚበላ የሚጠጣ እንደ ልጃቸው የሆነ። ተተኪው እሱ በመሆኑ ደስተኛ ነበረች። ግን ካፖርቱን በሻይ ስኒ መሀል ሲቀባበሉት ታያት።

«እስቲ ላስብበት» ብላ ወጣች።

በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ አንድ የቲያትር ቡድን ለእንግድነት መጥቶ ነበር። ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው ቢኖር አስተርጓሚያቸው ብቻ ነው። እትዬ ሹክ ልምምዳቸውን ልታይ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ዋናው ተዋናይ ሽማግሌ ነው፤ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ ወርቅማ ልብስ ለብሶ ይንጎራደዳል። ከጀርባው ደግሞ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጥቁር የለበሰ ሰው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኳል። ተዋናዩ ዘንግ ሲፈልግ ያቀብለዋል፣ ልብሱ ሲጠላለፍ ያቃናለታል፣ ቃል ሲጠፋው ሹክ ይለዋል። በብርሃን መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየው።

ልምምዱ እንዳለቀ አስተርጓሚውን እጁን ይዛ ወደ ጥቁር ለባሹ ሄደች።

«ተመልካቹ አንተን ሲያይ አይስቅም?» አለችው።

ሰውየው የጥቁር ጨርቅ መሸፈኛውን ገልጦ ፈገግ አለ። እሱም ሽማግሌ ነበር። «ጥቁር የለበሰ ሰው የለም ማለት ነው። ይህን አያቶቻችንም ያውቁታል፣ ሕፃናቱም ያውቁታል። ዓይናቸው ያየኛል፤ እነሱ ግን አያዩኝም» አላት በአስተርጓሚው አፍ። ተዋናዩ ታላቅ ወንድሙ እንደሆነ፣ ከሱ በፊት ደግሞ ለአባታቸው እንዲሁ ተንበርክኮ እንደኖረ ነገራት።

እሷም ጉድጓዷን አሳየችው። ሊሞክራት ገብቶ ጉልበቱን የሚያደርግበት አጥቶ ሲወጣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወደ መድረኩ ወስዶ እንዴት እንደሚንበረከኩ ያሳያት ጀመር። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ወንድሙ ጠቆመ፦ እሱ ሲተነፍስ አብረሽ ተንፍሺ፤ ትንፋሹ ሲቆረጥ ቃሉ ጠፍቷል ማለት ነው።

በማግስቱ ለአዘጋጁ ሐሳቧን ነገረችው፦ ባሏ መክፈቻው ላይ ይጫወት፣ ካፖርቱንም እዚያው ያስረክብ፤ እሷ ጥቁር ለብሳ ከጀርባው ትንበረከክ። ራሱን አከከ።

«የኛ ወግ አይደለም እኮ፣ እትዬ። ሰዉ ምን ይላል?»

«እኔም እሱን ነው የፈራሁት» አለች።

አዘጋጁ ግን ተነስቶ በመስኮቱ በኩል መድረኩን ሲያይ ቆይቶ በራሱ ሳቀ። «ለነገሩ ያቺ የአንቺ ጉድጓድስ? የቲያትር ቤቱ መሥራች ከሰው አገር አይቶ መጥቶ ነው ያስቆፈራት ይላሉ። ያኔም 'ይኼ የአይጥ ጉድጓድ የኛ ወግ አይደለም' ያለ አይጠፋም። በይ እስቲ፣ ልብስ ክፍል ሄደሽ ጥቁር ቀሚስ ተለኪ።»

በመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መጋረጃው ሲከፈት በረኛው ካፖርቱን ለብሶ በሩ ሥር ቆሟል፤ ከጀርባው ጥቁር የለበሰች ሴት ተንበርክካለች። ከተመልካቹ መሀል ጉርምርምታ ተነሳ። በረኛው አፉን ሲከፍት ጉርምርምታው ረገበ። እትዬ ሹክ ጽሑፍ አልያዘችም። አብራው እየተነፈሰች፣ ትንፋሹ ሲቆረጥ አንዲት ቃል ታቀብለዋለች፤ እሱ ከዚያች ቃል ተነስቶ ሙሉውን ንግግር ይጨርሰዋል። ሰዉም ብዙ ሳይቆይ እሷን ትቶ እሱን ብቻ ማየት ጀመረ።

ልጁ በሩን የሚያንኳኳበት ቦታ ሲደርስ ግን በረኛው ዞር አለ። ቁልቁል አያት።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ይህ ቃል በተውኔቱ ውስጥ የለም። ከበሩ ኋላ ልጁን ሆኖ የቆመው ቀጭኑ እንኳ እጁን እንዳነሳ ቀረ። እትዬ ሹክ ምን እንደምትመልስ አላሰበችም።

«አለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ አለሁ» አለችው በዚያ ለአንድ ጆሮ ብቻ በሚደርስ ድምፅ።

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አለና ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድም ቃል ሳትነግረው እስከ መጨረሻው ተወጣው። በሩን ለልጁ ከፍቶ፣ ተንበርክኮ ሲያቅፈው ያለቀሰው ሰው ከሌላው ዓመት ይበልጥ ነበር።

ርክክቡ ደረሰ። ቀጭኑ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። በረኛው ካፖርቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና በሚስቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገላት።

«ይበርድሻል» አላት።

 ቀጭኑ ግን ያደገበትን ቤት ያውቃል። ሁለት እርምጃ ቀርቦ እትዬ ሹክ ፊት በርከክ አለ። እሷም ተነሳች፣ የባሏን እጅ ይዛ ካፖርቱን አብረው ከትከሻዋ አነሱትና ቀጭኑን አለበሱት። ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ ሁለቱን ቃል ነገረችው።

«በሩን አደራ» አለ በረኛው፤ ድምፁም እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ።

ከዚያ በኋላ መድረክ አልወጣም። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጣል፤ እሷም ከጀርባው ሆና ጠጉሩን እያበጠረች የበረኛውን ንግግር አንድ አንድ ቃል ታቀብለዋለች። አንዳንድ ቀን ተከትሎ ይላል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ያዳምጣል። አንድ ጠዋት ድንገት፣ «ድምፅሽ ደስ ይላል። ባል አለሽ?» አላት። «አለኝ» አለችው። «ታድሏል» አለና አንገቱን ነቀነቀ። የሞተው ከዚያ ብዙ ሳይቆይ፣ በእንቅልፉ ነው።

ቀጭኑ አእምሮው ምላጭ ነው፤ ቃል ጠፍቶት አያውቅም። ቢሆንም በየዓመቱ መክፈቻ ላይ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ከጀርባው እንድትንበረከክ ይለምናታል፤ እሷም እሺ ትላለች። ጉልበቷ እያስቸገራት ስለመጣ አዘጋጁ ትንሽ ትራስ አሰፍቶላታል። ባለፈው ዓመት እትዬ ሹክ፣ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ተዋናይት ቤቱን ለእንግዶች ስታስጎበኝ ሰምታታለች፦

«በኛ ቲያትር ከበረኛው ጀርባ ጥቁር የለበሰች ሴት ትቀመጣለች። ካፖርቱም መጀመሪያ በሷ ትከሻ ሳያልፍ ለተተኪው አይደርስም። ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው ወግ ነው።»

እትዬ ሹክ በአጠገባቸው ስታልፍ ቆም አለች። እንግዶቹ እውነት እንደሆነ ጠየቋት።

«እሷ ካለች እውነት ነው» አለችና ትራሷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ልምምድ ገባች።