ጛ የጠፋችበት ሳምንት

ሰቆጣ ያለው የእኛ ቤተ መጻሕፍት ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት አንድ ክፍል ነው፤ የኮምፒውተሮቹ ባለሙያ ደግሞ እኔ ነኝ። ሁሉም ሊኑክስ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይሠራሉ። ያኔ አንድ ነገር አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር፦ መስኮቶቹን ስክሪን ላይ የሚስለውን የድሮውን ሥርዓት፣ ኤክስ የሚባለውን፣ ከሥሩ መንቀል። አዲሱ፣ ዌይላንድ፣ ገብቷል፤ አሮጌው ግን አልወጣም ብሏል። በእሱ ላይ የተንጠለጠለውን ኮድ ከዴስክቶፑ ውስጥ እየፈለግሁ ስቆርጥ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ሰኞ ጠዋት ጨርሼ ስኩራራ ጡረተኛው መምህር መጡ። እኚህ ሰው ለአንደኛ ክፍል ልጆች በአካባቢያችን የአገው ቋንቋ፣ በኽምጣጛ፣ ማንበቢያ ያዘጋጃሉ፤ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ያለው ዝቋላ ወረዳ ድረስ በእግራቸው ሄደው ከሽማግሌ አፍ ቃል የለቀሙ ናቸው። ረቂቁ ዓርብ በወልድያው አውቶቡስ ወደ ማተሚያ ቤት መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ልጆቹ ዘንድሮም ያለ መጽሐፍ ይማራሉ። ተቀመጡ፣ ሁለት ቁልፍ መቱና ቆሙ።

«ልጄ፣ ፊደሌን የት አደረስካት?»

ፊደሏ ጛ ናት። አማርኛ ስለማይጠቀምባት ኪቦርዱ ላይ የለችም፤ የሚመቱትን ቁልፍ በአሮጌው ሥርዓት በኩል እያዳመጠች የምታመጣላቸው አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። አዲሱ ሥርዓት ደግሞ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ቁልፍ እንዲያዳምጥ አይፈቅድም። «ማንም አይጠቀምበትም» ብዬ ነበር አሮጌውን የቆረጥኩት። ለካ ማንም ያልኩት እሳቸውን ነው።

ከማፈር ይልቅ ብልጥ ልሁን አልኩ። «ጋሼ፣ ለጊዜው በ‹ኛ› ይጻፉት። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኽምጣኛ... ያስኬዳል እኮ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እሱ በእናንተ አፍ ነው» አሉ። «ልጆቹ ገና በመጀመሪያው ገጽ የቋንቋቸውን ስም ተሳስተው ይጀምሩ?»

«በእናንተ» ያሉት ዘልቆ ተሰማኝ። እናቴ የኒሯቅ ሴት ናት፤ ከእህቶቿ ጋር የምትስቀው በኽምጣጛ ነው። ከእኔ ጋር ግን ትምህርት ቤት እንዳይስቁብኝ ብላ ከአማርኛ ሌላ አውርታ አታውቅም።

አሮጌውን መልሼ ብጭነው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ግን ነገ ሌላ አፕዴት ሲመጣ ፊደሏ እንደገና ትጠፋለች። ስለዚህ ከጘ እስከ ጞ ሰባቱንም በአዲሱ ሥርዓት የአጻጻፍ ዘዴ ውስጥ፣ ከአማርኛዎቹ ፊደላት እኩል አስገባኋቸው። መምህሩ በየቀኑ አጠገቤ እየተቀመጡ የትኛው ቁልፍ ለጣታቸው እንደሚቀና ያሳዩኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞከሩት። ኽምጣጛ። ቃሉ ስክሪኑ ላይ ሳይጎድል ወጣ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ለነገ ይደርሳል ጋሼ!»

«ይደርሳል። እስቲ አንተ አንብበው።»

«ኽምጣ... ኛ።»

«አይደለም። ምላስህን ከወደ ጉሮሮህ ዝጋና ድምፁን በአፍንጫህ አውጣው።»

ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ኛ እንጂ ሌላ አልወጣ አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ። ማሽኑ ተምሯል፤ የቀረኸው አንተ ነህ።»

ደጅ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩና የቋንቋዋን ስም ቀስ ብላ እንድትልልኝ ለመንኳት። «ገና አሁን?» አለችና ሳቀች፤ ከእህቶቿ ጋር የምትስቀውን ሳቅ።